ከመኪና ፊት የሚሰማ ድምፅ፤ ምክንያቱን ሳይመረምሩ ዕቃ መለወጥ የሚያስከትለው ኪሳራ

ነጋዴ ሚዛኑን፥ መዝገቡንና መጋዘኑን እንደሚጠብቅ ሁሉ መኪናውንም መጠበቅ የሚገባው መሆኑ ከአንባብያን የተሰወረ አይደለም። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት፥ በባቡርና በአውሮፕላን ከሚጓጓዘው በቀር፥ ከጅቡቲ ወደብ የሚነሣው ዕቃ በጋላፊ ገብቶ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ ወደ መካከለኛው አገር የሚደርሰው በጎማ ላይ ነው። ቡናውና ሰሊጡ ወደ ወደብ የሚወርደው፥ ከጅምላ መጋዘን የተጫነው ጨርቅና ስኳርም ከቸርቻሪው ሱቅ የሚደርሰው እንደዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና በመንገድ ላይ ሲቆም ብረት ብቻ ቆመ አይባልም፤ ውልም፥ የባንክ ቀጠሮም፥ የደንበኛ እምነትም አብሮ ይቆማል።

ዛሬ በዚህ ገጽ ላቀርበው ያሰብሁት ጉዳይ ሲያዩት ቀላል የሚመስል ነው። ይኸውም መኪና ሲነዳ ከፊት በኩል የሚሰማና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድምፅ ነው። ባለመኪናው ሲሰማው ይጨነቃል፤ መካኒኩ በግምት ይናገራል፤ መለዋወጫ ሻጩም የተጠየቀውን አውጥቶ ይሸጣል። ሦስቱም በቅን ልቡና ቢሠሩ እንኳ፥ ድምፁን አስቀድሞ የመረመረው ሰው ስለሌለ፥ ገንዘቡ ይወጣል፤ ድምፁ ግን በቦታው ይቀራል።

በራሴ የደረሰውን በምሳሌነት ላቅርብ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአድአ ጤፍ እየጫንሁ ወደ አዲስ አበባ የማመላልስባት ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ነበረችኝ። አንድ ቀን በመጋዘኔ ደጃፍ ባለው የኮብልስቶን መንገድ ቀስ ብዬ ስነዳ ከግራ እግሬ ሥር «ቋ፥ ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኋት። «አሞርዛተሩ አልቋል» ተባልሁና ሁለቱንም የፊት አሞርዛተሮች ገዝቼ አስለወጥሁ። ድምፁ አልጠፋም። በሳምንቱ ተመልሼ ብሄድ «እንግዲያውስ ቦል ጆይንቱ ነው» ተባለ፤ እርሱም ተለወጠ። ድምፁ እንደ ቀድሞው ቀጠለ። በሦስተኛው ጊዜ የመሪው ሳጥን በሙሉ መውረድ እንዳለበት ተነገረኝ፤ የዕቃውን ዋጋ ብጠይቅ የአንድ ወር ትርፌን የሚበላ ሆኖ አገኘሁት።

ተስፋ ቆርጬ ሳለሁ አንድ ወዳጄ ከሥራ ዐርፈው በቤታቸው ወደሚኖሩ አረጋዊ መካኒክ ወሰደኝ። ሽማግሌው ኮፈኑን አልከፈቱም፤ መፍቻም አላነሡም። በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር መጠየቅ ነበር።

«ልጄ፥ የምትጮኸው አንዱ ጎማ ብቻ ጉድጓድ ሲገባ ነው? ወይስ ሁለቱ ጎማዎች አንድ ላይ ጉብታ ሲወጡም ነው?»

«ጋሼ፥ እሱን አላስተዋልሁም» አልኋቸው።

«እንግዲያው ሂድና አስተውለህ ተመለስ» ብለው አሰናበቱኝ።

ወጥቼ ወዲያና ወዲህ ነዳሁ። ፍጥነት መቀነሻውን ጉብታ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድነት ሲወጡት ድምፅ የለም ለማለት ይቻላል። በኮብልስቶኑ ላይ ግን፥ አንዱ ጎማ ከፍ ሌላው ዝቅ ሲል፥ ድምፁ ያለማቋረጥ ይሰማል። ይህንኑ ተመልሼ ስነግራቸው እጃቸውን ከጎማው በስተኋላ ሰድደው፥ ወዳጄ መኪናይቱን ከጎን እንዲወዘውዛት አዘዙ። ወዲያውም የእኔን እጅ ይዘው የግራውን የስታብላይዘር ሊንክ አስዳሰሱኝ፤ በተወዘወዘች ቁጥር ከጣቴ ሥር ይንቀጫቀጫል። ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ ዘንግ ነው። ዋጋውም እስከዚያ ቀን ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ትንሹ ነበር። አባቶች «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ያሉት በእኔ ደረሰ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ነገር ግን ከስምንት ወር በኋላ 10 ኩንታል ጤፍ ጭኜ ከሞጆ ወደ ቢሾፍቱ ስመጣ ያው የለመድሁት ዐይነት ድምፅ ከፊት በግራ በኩል ተሰማኝ። በዚያው ቀን ጠዋት የግራው ጎማ ተንፍሶ ጎሚስታ ዘንድ አስጠግኜ ነበር። «ይህ ያ ትንሹ ሊንክ ነው፤ ከቤት ስንደርስ ይለወጣል» ብዬ መንዳቴን ቀጠልሁ። አብሮኝ የነበረው ረዳት ልጅ ግን ዝም አላለም።

«ጋሼ፥ ያኛው በድንጋይ ላይ ብቻ ነበር የሚጮኸው። ይሄኛው በለስላሳው አስፋልትም ይጮኻል፤ ስንፈጥንም ይፈጥናል» አለኝ።

ቆመን ስናይ ከስድስቱ የጎማ ዳዶዎች ሁለቱ ወድቀው ጠፍተዋል፤ የቀሩት አራቱም በጣት የሚፈቱ ሆነዋል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ብንጨምር ጎማው ወልቆ፥ እኛም ከጤፉ ጋር ከመንገድ በወጣን ነበር፤ ከፊታችን ይመጣ የነበረውንም አውቶቡስ አስባለሁ። ሁለቱ ድምፆች ለጆሮዬ አንድ ነበሩ። የለያቸው ድምፁ ምን እንደሚመስል ማወቅ ሳይሆን መቼ እንደሚሰማ ማስተዋል ነው። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገርም ይኸው ነው። ድምፅን በመልኩ አንፍረደው፤ የሚሰማበትን ጊዜና ሁኔታ እንጠይቀው።

ድምፅ ስለሚያታልልበት ምክንያት

የመኪና ፊት የተያያዘ ብረት ነው። ጎማው በኩሽኔታ ላይ ይዞራል፤ ኩሽኔታውን የያዘው አካል በቦል ጆይንት ከታችኛው ክንድ ጋር ይያያዛል፤ ክንዱም በጎሚኒ አማካይነት ከሻንሲው ጋር ይጋጠማል። ከመሪው የሚመጣው ዘንግ በታይሮድ ጫፍ ጎማውን ያዞራል። ሞላውና አሞርዛተሩ ክብደቱንና ንቅናቄውን ይሸከማሉ። ስታብላይዘር የሚባለው ብረት ደግሞ የግራውንና የቀኙን ወገን አያይዞ መኪናው በመታጠፊያ ላይ እንዳያጋድል ያደርጋል። ከእነዚህ አንዱ ሲላላ ድምፁ በብረቱ ሁሉ ስለሚተላለፍ፥ በግራ ጎማ የተነሣው በቀኝ፥ በጎማው ዘንድ የተነሣውም ከመሪው ሥር የመጣ መስሎ ይሰማል። ስለዚህ ነጂው «ከዚህ ነው» ብሎ የሚያመለክተው ቦታ ለምርመራ መነሻ ይሁን እንጂ ለፍርድ አይበቃም።

በመጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው

መፍቻ ከማንሣት በፊት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ መልስ መጻፍ ይጠቅማል። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ይሰማልን? ከተሰማ ነገሩ የቺንጋ ወይም የሞተር እንጂ የጎማና የክንድ ላይሆን ይችላል። በጉድጓድ ላይ ብቻ ነውን? ወይስ በለስላሳ መንገድም? መሪ ሲዞር ይጨምራልን? ፍሬን ሲያዝ ይለወጣልን? ከፍጥነት ጋር ይፈጥናልን? በመጨረሻም፥ ድምፁ ከመጀመሩ በፊት በመኪናው ላይ ምን ተሠርቶ ነበር? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በእኔ ላይ የደረሰውም ይህን በመርሳቴ ነው።

ወገኑን ለመለየት መስኮት ከፍቶ በረጅም የግንብ አጥር አጠገብ ቀስ ብሎ መንዳት ደኅና ዘዴ ነው፤ ግንቡ ድምፁን ይመልሰዋልና። በአንድ ወገን ሄዶ፥ ከዚያም ተመልሶ፥ የሁለቱን ልዩነት ማዳመጥ ነው። እንዲሁም ገንዘብ የማይጠይቀው አስቀድሞ ይታይ። ክሪኩና መፍቻው በቦታቸው ታስረዋልን? ከሞተሩ ሥር ያለው ላሜራና የታርጋው ብሎን ጠብቀዋልን? ባትሪው አይንቀሳቀስምን? «ከፊት እግር ነው» ተብሎ ብዙ የተደከመበት ድምፅ ከነዚህ ከአንዱ የሚመጣበት ጊዜ አለ።

ድምፁና የሚያመለክተው

በዝግታ በሸካራ መንገድ ላይ የሚሰማ መንቀጫቀጭ አብዛኛውን ጊዜ የስታብላይዘር ሊንክ፥ የክንድ ጎሚኒ፥ ወይም የአሞርዛተር የላይኛው መያዣ መላላትን ያመለክታል። ከላይ እንደተነገረው፥ ሁለቱ ጎማዎች አንድ ላይ ሲነሡ የሚቀንስ፥ በየተራ ሲነሡ ግን የሚበረታ ከሆነ በቅድሚያ ሊንኩን መፈተሽ ይገባል።

መሪ እስከ መጨረሻ ዞሮ ነዳጅ ሲሰጥ «ጣቅ፥ ጣቅ፥ ጣቅ» የሚል ድምፅ የሚሰማው፥ የፊት ጎማው በሞተር ኃይል በሚነዳ መኪና ላይ ሲሆን፥ ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ መገጣጠሚያ፥ ሲቪ ጆይንት የሚባለው፥ መበላቱን ያሳያል። ከጎማው በስተኋላ ያለው የጎማ ሽፋን ተቀድዶ ግራሶው ወደ ቸርኬው ተረጭቶ እንደሆነ መመልከት ነው።

ከፍጥነት ጋር እየጨመረ የሚሄድ ጉምጉምታ የኩሽኔታ ምልክት ሊሆን ይችላል። በሰፊና ባዶ መንገድ ላይ መሪውን በጥቂቱ ወደ ግራ ሲያዘነብሉት ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ጉምጉምታው በዚያ ጊዜ ከበረታ የቀኙን ኩሽኔታ፥ ከቀነሰም የግራውን መጠርጠር ነው። ይሁን እንጂ ሳይስተካከል የተበላ ጎማም እንዲሁ ያጉመጎማል። ስለዚህ ኩሽኔታ ከመግዛት በፊት የፊቱን ጎማ ከኋላው ጋር አለዋውጦ መሞከር ወጪ አይጠይቅም፤ ድምፁ ጎማውን ተከትሎ ወደ ኋላ ከሄደ ጥፋቱ የጎማው ነው።

ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ ቀጭን ሲጥታ የፍሬን ሸራው ወደ ማለቁ መቃረቡን ሊያስጠነቅቅ ይችላል። ብረት በብረት ላይ ሲፋጭ የሚሰማ ከሆነ ግን ማስጠንቀቂያው አልፏል፤ መኪናው መቆም አለበት። ፍሬን ሲያዝ ወይም ሲነሣ አንዴ «ጓ» የሚል ከሆነ የታችኛው ክንድ ጎሚኒ ወይም የፍሬኑ መያዣ ብሎን ላልቶ እንደሆነ ይታይ። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር የሚንጣጣ ወይም የሚያቃስት ድምፅ ከደረቀ ቦል ጆይንት ወይም ከአሞርዛተሩ የላይኛው መያዣ ሊመጣ ይችላል።

በለስላሳ መንገድ ላይ ከጎማው ዙር ጋር እኩል የሚመታ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ሌላ ሁሉ ይቅርና ወዲያው ቆሞ ዳዶዎቹን መፈተሽ ነው። በጎማው ጥርስ የተሰካ ድንጋይ ወይም ምስማር ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቆሞ ማየት የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።

እንደ አይሱዙ ያሉት ባለ ባሌስትራ የጭነት መኪኖች አሠራራቸው ጥቂት ይለያል። በነዚህ ላይ የባሌስትራው ማንጠልጠያ ፒንና ቡሽ፥ ባሌስትራውን ከአክሱ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርፅ ያላቸው ብሎኖች፥ እንዲሁም ጎማው የሚዞርበት ኪንግ ፒን በቅድሚያ ይታያሉ። ግራሶ በጊዜው የማይሰጠው ፒን ቶሎ ስለሚበላ፥ ረዳቱ የግራሶ መስጫ ቦታዎችን ሁሉ ለይቶ እንዲያውቃቸው ማድረግ የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው።

በእጅ ስለሚደረግ ምርመራ

መኪናው በደልዳላ መሬት ይቁም፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ለኋላ ጎማዎች ታኮ ይደረግ። የፊቱ ጎማ በክሪክ ከተነሣ በኋላ ካቫሌቶ ሳይደገፍ ማንም ሰው ከሥር አይግባ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን ለአንድ የዘይት ጎሚኒ አደራ መስጠት ነው።

ከዚያም ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መወዝወዝ። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ይደረግ። ፍሬን ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ ላልቶ የነበረው ኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ወይም ኪንግ ፒኑ ይጠረጠራል። ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ ይዞ መወዝወዝ፤ በዚህ አኳኋን ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ የታይሮዱን ጫፍ በእጅ እየዳሰሱ መመልከት ይገባል። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው።

የተገኘውንም በሁለት ወገን መመደብ ያስፈልጋል። የስታብላይዘር ሊንክና የአሞርዛተር መያዣ ጥቂት መላላት ዕቃው እስኪገኝ ድረስ በዝግታ እየነዱ ለጥቂት ቀናት ሊታገሡት ይቻላል። ቦል ጆይንት፥ የታይሮድ ጫፍ፥ የላላ ኩሽኔታ፥ ፍሬንና የጎማ ዳዶ ግን ቀጠሮ አይሰጣቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከተለያዩ ጎማው ለመሪ አይታዘዝም፤ ይህም የሚሆነው ብዙ ጊዜ በጉድጓድ ወይም በመታጠፊያ ላይ፥ ጭነት ባለበት ሰዓት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው።

ጥገናው ከተፈጸመ በኋላም ሁለት ነገር አይዘንጋ። የታይሮድ ጫፍ ከተለወጠ የጎማ አቅጣጫ በመሣሪያ መስተካከል አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ጎማ በአጭር ጊዜ ይበላል። ጎማ የተፈታ እንደሆነም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል። ይህን ሁለተኛውን ባለማድረጌ የደረሰብኝን ከላይ ገልጫለሁ።

ለመለዋወጫ አስመጪዎችና ሻጮች

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጠ ወዲህ፥ በእጅ ያሉት መኪናዎች ዕድሜ እየገፋ፥ የመለዋወጫ ፍላጎትም እየበዛ እንደሚሄድ መገመት ይቻላል። በኤሌክትሪክ የሚነዱትም ቢሆኑ ክንድ፥ ቦል ጆይንት፥ ኩሽኔታና ሊንክ አላቸው። እንዲያውም ከባትሪያቸው የተነሣ ክብደታቸው ስለሚበዛና ሞተራቸው ድምፅ ስለሌለው፥ ከፊት የሚመጣው ትንሽ ድምፅ በነርሱ ውስጥ ጎልቶ ይሰማል። ስለዚህ ይህ ንግድ ገና ብዙ ዘመን የሚሠራበት ነው።

የሱቅ ባለቤት ዕቃ ለመሸጥ እንጂ መኪና ለመመርመር አልተቀመጠም ይባል ይሆናል። ነገር ግን «ድምፁ የሚሰማው መቼ ነው?» ብሎ አንድ ጥያቄ የሚጠይቅ ሻጭ ደንበኛውን ከኪሳራ ያድነዋል፤ ደንበኛውም ነገ ለሌላው ዕቃ ወደ ሌላ ሱቅ አይሄድም። እንዲሁም የሻንሲ ቁጥር ሳያዩ፥ ግራና ቀኙን ሳይለዩ፥ የተቻለም እንደሆነ አሮጌውን ዕቃ ከአዲሱ ጎን ሳያስተያዩ አለመሸጥ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል። ያልተገጠመ ዕቃ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ በደረሰኝ ላይ መጻፍም ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

አስመጪዎችም ትዕዛዝ ሲሰጡ ትንንሾቹን ዕቃዎች ባይንቋቸው መልካም ነው። ጎሚኒው ለብቻው በገበያ ሲጠፋ ባለመኪናው ክንዱን በሙሉ ለመግዛት ይገደዳል፤ ሊንኩ ሲጠፋም በሽቦና በላስቲክ ታስሮ ይነዳል። በኮንቴይነሩ ጥግ ላይ ሁለት ካርቶን ጎሚኒ መጨመር ለአስመጪው ቀላል ነው፤ ለአገሩ መንገድ ግን ትልቅ አገልግሎት ነው።

ባለመኪናዎች በበኩላቸው የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ መካኒኩን ጠይቀው ይቀበሉ፤ ጥፋቱ በየትኛው ቦታ እንደነበረም በእጃቸው ዳስሰው ይረዱ። ከሁሉ በላይ ነጂዎቻችሁና ረዳቶቻችሁ ድምፅ ሲሰሙ እንዲናገሩ አበረታቷቸው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ መኪና ግን በሽታውን አይደብቅም፤ የሚደብቀው ሰምቶ ዝም የሚለው ሰው ነው። ያ ረዳት ልጅ በዚያን ቀን ጌታዬ ይቆጣል ብሎ ዝም ቢል ኖሮ፥ ይህን ጽሑፍ የሚያቀርብላችሁ ሰው ባልኖረም ነበር።